ጉሙ እስኪገለጥ አትጠብቂ

ስልኩን ደረትሽ ላይ አታጣብቂብኝ፤ እኔም ልየው። ቡናው እስኪንተከተክ ከኋላሽ ቆሜ ሳይ ቆይቻለሁ። ቀይ የሸክላ ጣሪያ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ፣ ከተራራው ወርዶ ከተማይቱን እስከ ወገቧ ያለበሳት ጉም። ሳን ክሪስቶባል አልሽኝ? ሜክሲኮ ውስጥ፣ ቺያፓስ የሚሉት አገር። ይኸው ሦስተኛ ቀንሽ ነው እሱኑ ስትገልጪ። ሚጢዬ፣ አንድ መደብ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው፤ ልብሽ የት እንዳለ አይጠፋኝም። ደብረ ሲና ነው ያለው። ጠዋት ወተት ልናመጣ ስንላክ ከጣርማ በር የወረደው ጉም መንገዱን ይሞላውና፣ ፊት ፊትሽ የምሄደውን እኔን እንኳ ሳታዪ ድምፄን ብቻ ተከትለሽ የምትመጪበት ዘመን ላይ።

ስለዚህች ከተማ የማውቀውን ልንገርሽ፤ አንድ ጊዜ እኔም እንዳንቺ ይዞኝ ብዙ አንብቤያለሁ። 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ገበሬዎች ማያዎች ናቸው፤ ጾጺልና ጸልታል የሚባሉ ቋንቋዎች ይናገራሉ። ቋንቋቸው እንደኛው ጠ፣ ጨ፣ ጸና ቀ አለበት፤ ፈረንጅ ምላሱን የሚሰብርበትን ድምፅ እነሱ ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የሚጠቡት። ከከተማዋ ወጣ ስትዪ ሳን ሁዋን ቻሙላ የምትባል መንደር አለች። ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ አግዳሚ ወንበር የለም። ወለሉ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነ የፓይን ቅጠል ይጎዘጎዛል፣ ልክ እኛ ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው፤ ሰዉ ቅጠሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ጧፉን ወለሉ ላይ ደርድሮ ይጸልያል። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ፈጽሞ ክልክል ነው። ይቺን ክልከላ ያዢልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ። ወደ ደቡብ ተሻግረሽ ጓቲማላ ስትገቢ ደግሞ ኮባን የምትባል ሌላ የማያ ከተማ አለች፤ ካፊያዋ ካለማቆሙ የተነሳ የራሱ ስም ወጥቶለት ‘ቺፒ ቺፒ’ ይሉታል። በነዚያ ደጋዎች የሚለቀመው ቡና ደግሞ ዘሩ ሲቆጠር ከኛው ከምዕራብ ጫካ የወጣ ነው። ስለዚህ ልብሽ ወደዚያ ቢሄድ አልፈርድብሽም።

ነገር ግን ነገ ቅዳሜ ነው። ሜክሲኮ ነገ አትደርሺም። ሊሙሩ ግን ከዚህ ከናይሮቢ፣ ከኪሌሌሽዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታውም ከሳን ክሪስቶባል ጋር እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። ጉም አለው፣ ደን አለው፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ ቁስል ያለው ሕዝብ አለው። አራት ወር ሙሉ አፍንጫሽ ሥር ነበር።

አራት ወር አልኩ እንጂ ልወቅስሽ አይደለም። ፕሮሰስ ላይ ያለ ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል እኔም ቀምሼዋለሁ። ሻንጣው አይፈታም። ሰፈሩን ማወቅ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል፤ ‘ለምን እለምደዋለሁ፣ ልሄድ አይደል’ ይባላል። ከኦታያ መንገድ ሱፐርማርኬት እስከዚህ ሶፋ፣ ከሶፋው እስከ ስልኩ። ኢሜይል መጣ አልመጣ እያሉ ማደር። እኔ ናይሮቢ የመጀመሪያ ዓመቴን እንደዚያ ነው ያባከንኩት፤ ዛሬ ሰው ‘ያኔ ከተማው ምን ይመስል ነበር’ ሲለኝ የምነግረው የለኝም። ስለዚህ ነገ ትሄጃለሽ። እኔ ሥራ አለብኝ፣ ብቻሽን ነው፤ ብቻሽን መሆንሽም ጥሩ ነው።

መንገዱን ስሚኝ። ከኪሌሌሽዋ ቀጥታ የሚወስድሽ ማታቱ፣ ያው ሚኒባስ ታክሲ፣ የለም። ካንጌሚ ድረስ ሂጂና ዋያኪ ዌይ ላይ ቁሚ፤ የሊሙሩዎቹ በዚያ ነው የሚያልፉት። ከመግባትሽ በፊት ዋጋውን ጠይቂ፤ ‘ንጋፒ?’ በቂ ነው። ማካንጋው፣ ያው የኛ ወያላ ማለት ነው፣ ሰዓት ቢነግርሽ አትደናገሪ። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፣ ከፀሐይ መውጫ ጀምረው። ‘ሳ ሞጃ’ ካለሽ የኛው ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ ‘ሳ ሲታ’ ስድስት ሰዓት፣ እኩለ ቀን። እዚህ አገር መጀመሪያ ሆዴን ያባባችው ነገር ይቺ ናት። ዓለሙ ሁሉ ሰዓታችንን እንድናስተካክል ሲያዘን ኖሮ፣ አንዲት ጉልት ላይ የተቀመጡ እናት በኛው አቆጣጠር ‘ሳ ታቱ’ ብለው ለሦስት ሰዓት ሲቀጥሩኝ።

ሳ ሞጃ ላይ ካንጌሚ ድረሺ እንግዲህ። ቶሎ ውጪ የምልሽ ለወረፋው አይደለም፤ ጉሙ ጠዋት ላይ ነው የሚወፍረው። በተለይ በዚህ በሐምሌ። የናይሮቢ ብርድ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ እዚህ ኪሌሌሽዋ ሰማዩ እንደ ጠላ ጋን ክዳን ተደፍቶብን ሲውል፣ እዚያ ላይ ደመናው ራሱ መንገድ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ ከላይ ደርቢ። ስስ ሹራብ፣ በላዩ ወፍራም ሹራብ፣ በላዩ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጃንጥላ ተዪው፤ እዚያ ካፊያው ከጎን ነው የሚመጣው። ያቺን ነጭ ስኒከር እንዳታደርጊያት፤ ያ ቀይ አፈር ሲረጥብ ሊጥ ነው፣ ከያዘም አይለቅም። ቦቲዬን አድርጊ፣ ለሻይ ማሳው እሱ ነው የሚሆነው፤ ትንሽ ቢሰፋሽ ሁለት ካልሲ ደርቢበት። ኤሊየን ካርድሽን፣ ያው መታወቂያሽን፣ ኪስሽ ውስጥ፣ ከስልኩ ጋር ሳይሆን ለብቻው። ኤም-ፔሳሽ ላይ ትንሽ ብር ይኑር፤ እዚህ አገር ከ2007 ጀምሮ ስለለመዱት ድንች የምትሸጥ ሴት እንኳ ቁጥሯን ሳጥን ላይ ጽፋ ነው የምታስቀምጠው። ለማታቱ ግን ዝርዝር ሽልንግ ያዢ። አገር ቤት ኤም-ፔሳ የገባው በ2023 ነው፣ አንቺ ስትወጪ ገና እየለመዳችሁት ነበር፤ እዚህ ግን ያለሱ አንድ ቀንም አትውዪም።

ሊሙሩ ስትወርጂ መጀመሪያ የምታዪው ምንም ነው። እውነቴን ነው። ነጭ ብቻ። የመኪና መብራት፣ የበቆሎ ጥብስ ጭስ፣ የሆነ ሰው ሳል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልነግርሽ የምፈልገው ለዚህች ሰዓት ነው፤ እኔ የመጀመሪያ ቀኔን የገደልኩት እዚህች ላይ ስለሆነ። ሰው ‘ቆንጆ እይታ አለ’ ብሎኝ ነበርና ጉሙ እስኪገለጥልኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት። አልገለጠም። ተበሳጭቼ ተመለስኩ፤ አየሁ የምለው የሻይ ብርጭቆና የገዛ ትንፋሼን ነው። በሁለተኛው ጊዜ ዝም ብዬ ውስጡ ገባሁበት፤ አሥር እርምጃ ሲታየኝ አሥር እርምጃ፣ አምስት ሲታየኝ አምስት። ያኔ ነው ቦታውን ያወቅሁት። አንቺም አትጠብቂ። ሩቁ ካልታየሽ ቅርቡን እዪ፤ ቅጠሉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ፣ አጥሩ ላይ የተዘረጋውን የሸረሪት ድር፣ ከጉሙ ውስጥ ቅርጫት ተሸክማ ብቅ ብላ መልሳ የምትጠፋውን ሴት።

ብቅ ስትልብሽ ሰላም በያት። ‘ዊ ምዌጋ?’ ነው በአገሬው ቋንቋ በኪኩዩ፤ ‘ንዲ ምዌጋ’ ትልሻለች። አረጋዊ ከሆኑ ግን በስዋሂሊ ‘ሺካሞ’ በይና ዝቅ በይ፤ ‘ማራሃባ’ ይሉሻል። እኛ ለሽማግሌ ብድግ እንደምንለው ነው። እጅ ነሺ፣ አትቸኩዪ። ከዚያ በኋላ የምትጠይቂው ሁሉ ይሰጥሻል።

ጉሙ ከየት እንደሚመጣ እንዳትረሺ፤ እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው ያከበርኩት። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር ዝቅ ካለው አገር ወደዚህ ደጋ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠራቀማል፣ ደመና ሆኖ ዳገቱ ላይ ይተኛል። ዛፉ ደግሞ በቅጠሉና በሽበቱ ደመናውን ያበጥረዋል። ሽበት የምልሽ ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን የደጋ ዛፍ ጢም ነው። ዝናብ ሳይዘንብ ከዛፉ ሥር ጠብ ጠብ ሲል ትሰሚያለሽ። ያ ጠብታ ተጠራቅሞ ምንጭ ይሆናል። የሊሙሩ ደጋ የአበርዴር ተራሮች ደቡባዊ ጫፍ ነው፤ ናይሮቢ ከምትጠጣው ውሃ አብዛኛው ከአበርዴር ነው የሚመጣው፣ ንዳካይኒና ሳሱሙዋ ከሚባሉት ግድቦች። እዚህ ፎቃችን ላይ ቧንቧው ደርቆ ባልዲ ስንደረድርና የውሃ ቦቴ ስንጠራ ትነጫነጫለሽ አይደል? ነገ እጅሽን ዘርግተሽ ያንን ጉም ስትነኪው የምትነኪው የኪሌሌሽዋን ቧንቧ ነው።

አሁን ሻይ። ሊሙሩ ሻይ ነው። ኬንያ ውስጥ ሻይ መጀመሪያ የተተከለው እዚያ ነው፣ በፈረንጆች 1903። ለንግድ ብሎ ሰፋ አድርጎ የያዘው ደግሞ ማክዶኔል የሚባል ሰፋሪ ነው፣ በ1918፤ እርሻው ኪያምቤቱ ይባላል፣ ዛሬም ቀድሞ ቀጠሮ ለያዘ እንግዳ ሻዩን ያስጎበኛሉ። ዛሬ ኬንያ ጥቁር ሻይ ለዓለም በመሸጥ አንደኛ ናት። ሻይ በባሕርዩ ዛፍ ነው፤ ካልተቆረጠ ቁመቱ ከቤት ይበልጣል። እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ የምታዪው በየጊዜው ስለሚገረዝና ስለሚለቀም ነው። የሚለቀመው ሁለት ለጋ ቅጠልና መሃላቸው ያለችው አንድ እምቡጥ ናት። በብርዱ ወራት ቀስ ብሎ ነው የሚያቆጠቁጠው፤ ስለዚህ የለቃሚዋ ቅርጫት በሐምሌ ቶሎ አይሞላም። የሚከፈላት ደግሞ በኪሎ ነው። ይህን እያወቅሽ እዪያት።

እዚህ ላይ የቻሙላን ክልከላ አስታውሺ። እኔ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ፣ ጉሙ መሃል ቢጫ ፕላስቲክ ሽርጥ የታጠቁ ሴቶች ተደርድረው ሲለቅሙ አየሁና፣ ውበቱ አንገበገበኝና፣ ምንም ሳልል ስልኬን አወጣሁ። አንዷ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ቅርጫቷን ከጀርባዋ አውርዳ ፊቷ ላይ ያዘችው። እስካሁን ያ ቅርጫት ዓይኔ ላይ አለ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ጣርማ በር ላይ ቆሎ ስሸጥ፣ ከመኪና ወርደው አፍንጫዬ ሥር ካሜራ የሚደቅኑ ፈረንጆችን በነጠላ ስሸሽ የኖርኩ ነኝ፤ እንዴት ረሳሁት እላለሁ። ፎቶውን አጠፋሁት፤ ሄጄም ይቅርታ ጠየቅኋት። ማሳውንና ጉሙን አንሺ፣ ማንም አይቆጣሽም። ሰው ከሆነ ግን መጀመሪያ ‘ናኦምባ ኩፒጋ ፒቻ?’ በይ፣ ላንሳ ወይ ማለት ነው። እምቢ ካለች ‘ሳዋ፣ አሳንቴ’ ብለሽ ስልኩን ኪስሽ ክተቺ። ቻሙላዎች በር ላይ የሚከለክሉትን ነገር አንቺ ሳትከለከዪ አድርጊው።

ሲርብሽ ገበያው ጥግ ካሉት ትንንሽ ቤቶች አንዱ ግቢ። ነገ ፍስክ ነው፣ እንደልብሽ። ‘ቻይ ያ ማዚዋ’ ካልሽ ወተትና ቅጠሉ አንድ ላይ የፈላ ሻይ ይመጣል፤ በዚያ ብርድ ላይ ‘ታንጋዊዚ’ ጨምሩበት በያቸው፣ ዝንጅብል ነው። ከማንዳዚ ጋር። ሙኪሞ ካለ ደግሞ እንዳታልፊው፤ ድንችና በቆሎ ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር አብሮ የተደፈጠጠ የኪኩዩዎች ምግብ ነው። ገበያው ላይ ድንቹንና ጎመኑን ስታዪ ደብረ ሲና ቅዳሜ ገበያ የወጣሽ ነው የሚመስልሽ። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን የኛው ጎመን ዘመድ ነው፤ ስሙ ‘ሳምንቱን ግፋው’ ማለት ነው፣ ደመወዝ ሲያልቅ እስከ ሰንበት የሚያደርስ ወጥ። እናታችን በጎመን ስንት ሳምንት እንደገፋች አንቺም ታውቂያለሽ።

ከበላሽ በኋላ ወደ ቲጎኒ ዝቅ በይ፣ ወደ ብራከንኸርስት። ድሮ ባህር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ የነበረበት ኮረብታ ነው፤ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አንስተው የአገሩን ዛፍ ተክለውበታል። ሃያ ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ደን ሆኗል፤ እውነተኛ ደን፣ ወፍ የተመለሰበት። እዚያ ስትገቢ ስም እየጠራሽ ሂጂ። እንግሊዝኛ ምልክቱን አትመልከቺ፤ ታውቂያቸዋለሽ። ያ ወይራ ነው። ያ ዝግባ ነው። ያ ጥቁር እንጨት ነው። ከፍ ባለው ደጋ ደግሞ ኮሶ አለ፣ ቀርከሃም አለ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ወይራውን ስነካው ቤታችን በሰንበት የሚታጠነው የወተት ዕቃ ሸተተኝ፤ ዛፉ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ቅርንጫፍ ሲንቀጠቀጥ ከሰማሽ ቀና በይ። ጥቁርና ነጭ፣ ነጠላ የደረበ የሚመስል ጦጣ ካየሽ ጉሬዛ ነው። ሳይንቲስቶች በዓለም ሁሉ የሚጠሩት ‘ኮሎበስ ጉሬዛ’ ብለው ነው፤ ያ ስም ከአገራችን የተወሰደ ነው፣ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ በ1835 ሲመዘግበው። እኛ ሳንደርስ ስማችን ኬንያ ዛፍ ላይ ቀድሞን ተቀምጧል።

አረንጓዴው ምንጣፍ እንዳያታልልሽ ደግሞ አንድ ነገር እወቂ። ያ መሬት ሰው ነበረበት። እንግሊዝ የነጮች ደጋ ብሎ ከከለለው ውስጥ ነበር፤ በቲጎኒ የነበሩትን ኪኩዩዎች በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ አስነስተው ከፍ ብላ ወዳለችው ላሪ ወሰዷቸው። ከዚያ የተረፈው ቂም በማርች 1953 ላሪ ላይ ፈንድቶ ብዙ ሰው አለቀ። ጸጥ ያለ ቦታ ሁሉ ጸጥ ብሎ የኖረ አይደለም። ሽማግሌ ሲያወሩሽ ይህን እያወቅሽ አዳምጪ፤ ራሳቸው ካላነሱት ግን አንቺ አታንሺው።

ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም የዚያ አገር ልጅ ነው። በ1938 ሊሙሩ፣ ካሚሪቱ የምትባል መንደር ነው የተወለደው። መጽሐፎቹን አንብበሽ እንደሆን አላውቅም፣ ግን የሠራውን ስሚ። በ1977 ለካሚሪቱ ገበሬዎችና ለሻይ ለቃሚዎች፣ ለጫማ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ በገዛ ቋንቋቸው በኪኩዩ ቴአትር ከጓደኛው ጋር ጻፈ። ሰዎቹ ራሳቸው መድረኩን በእጃቸው ሠሩ፣ ራሳቸው ተወኑ። መንግሥት ከለከለው። በዓመቱ መጨረሻ ንጉጊን አሰሩት፤ አንድ ዓመት ያህል ካለ ፍርድ ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በኪኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። በ1982 ደግሞ ፖሊስ መጥቶ መድረኩን አፈረሰው። ንጉጊ በ2025 ግንቦት ላይ፣ በስደት አገር አረፈ። እኔና አንቺ በአማርኛ ተረት ሰምተን፣ በአማርኛ ፊደል ቆጥረን፣ በአማርኛ መጽሐፍ ተውሰን ነው ያደግነው፤ ለዚህ ነገር ሰው ይታሰራል ብለን አስበን አናውቅም። ካሚሪቱ ስትደርሺ ትልቅ ሐውልት አትጠብቂ። ዝም ብለሽ እለፊበት፤ ልጆች በኪኩዩ ሲጯጯሁ ስሚ፣ በቃ።

ጊዜ ከተረፈሽና ሰማዩ ከተከፈተ፣ ከተከፈተ ብቻ፣ ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደውን መንገድ እዪው። በጉም አትሂጂ፤ ጭነት መኪናው ብዙ ነው፣ መታጠፊያው ጠባብ ነው፣ በማታ ጭራሽ አይሞከርም። አፋፉ ላይ ስትቆሚ ስምጥ ሸለቆው ይዘረጋልሻል፣ ሎንጎኖት እሳተ ገሞራ ከታች ተቀምጦ። ያ ሸለቆ ነው በዝዋይና በላንጋኖ አድርጎ ወደኛ የሚመጣው። ቁልቁለቱ ሥር ደግሞ መንገድ ዳር ላይ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ብትይዝ ነው። የሠሯት በ1942 የጣልያን ምርኮኞች ናቸው። ከየት የተማረኩ ይመስልሻል? ከኛ። በ1941 አገራችን ነፃ ስትወጣ እንግሊዝ ሰብስቦ ወደ ኬንያ ያመጣቸው፤ አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው የአውስታው መስፍን እንኳ እዚሁ ናይሮቢ ሞቶ ኒየሪ ነው የተቀበረው። አባባ የጣርማ በርን ዋሻ ባለፍን ቁጥር ‘ይህን ጣልያን ቆፈረው’ ይሉን አልነበር? እዚያ ጌታ ሆነው ተራራ ሰረሰሩ፤ እዚህ ምርኮኛ ሆነው ዳገት ላይ መንገድ አወጡ፣ ይቺንም ትንሽ ቤት ሠሩ። በሩ ላይ ቆሜ ስለነሱ የተሰማኝን እስከ ዛሬ መናገር አልቻልኩም። ጥላቻ አልነበረም። አንቺ ምን እንደሚሰማሽ ስትመለሺ ንገሪኝ።

በመጣሽበት አትመለሺ። በቲጎኒ፣ በባናና፣ በሩዋካ አድርጎ የሚመጣውን ያዢ፤ ሻዩ መሃል ለመሃል ነው የሚያልፈው። ሳ ኩሚ፣ አሥር ሰዓት ላይ ከሊሙሩ ተነሺ፤ ከመሸ ጉሙ ተመልሶ ይወርዳል፣ ትራፊኩም ይቆለፋል። ማታቱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጪ፣ ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ፣ ስልክሽን ከመስኮቱ አርቀሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እዚያ ሆነሽ ለእማዬ ደውዪላት። ከዚህ ከሶፋው ስትደውዪላት ድምፅሽ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? እሷ ታውቃለች፤ ስልኩን ስትዘጊ ለእኔ ትደውልልኛለች፣ ‘ልጄ ምን ሆነች’ ትለኛለች። ፕሮሰሱ ምን ደረሰ ብላ ስትጠይቅሽ ‘ገና ነው’ በያት፣ ውሸት አያስፈልግም። ከዚያ ግን የት እንዳለሽ ንገሪያት። እሷ አሁን በሐምሌ ጉሙ ደጃፏ ድረስ ወርዶባት፣ እሳት ዳር ተቀምጣ ነው የምታነሳልሽ። ‘እዚህም ወርዷል’ በያት። የወይራውን ነገር፣ የጉሬዛውን ነገር፣ አንዲት አሮጊት ሺካሞ ስትያቸው እንዴት አድርገው ግንባርሽን እንደዳበሱሽ ንገሪያት፤ ይዳብሱሻል፣ እኔን ዳብሰውኛል።

በይ ቡናው ወጣ፣ ስኒውን አምጪ። ወፍራሙን ሹራቤን በሩ ኋላ ሰቅዬልሻለሁ፤ የግራ ኪሱ ውስጥ ዳቦ ቆሎ አለ። ስልክሽንም ቻርጅ ላይ አድርጊውና ቶሎ ተኚ።